ዳርጌ በጠዋት ሲመጣ

ዳርጌን ጂንካ ውስጥ የሚጠላው ሰው አልነበረም፤ በጠዋት በሩ ላይ ሊያየው የሚፈልግ ሰውም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ያገኙት እንደሆነ ሰላም ይሉታል፣ የተጠበሰ በቆሎ ያቀብሉታል። በጠዋት ካፖርቱን ለብሶ መንገድ ላይ ብቅ ሲል ግን ደጅ የሚጠርጉ ሴቶች መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቀጥ ይላሉ። አልፏቸው ሲሄድ መጥረጊያው እንደገና መሬት ይነካል፤ የሚቀጥለው ደጅ ደግሞ በተራው ቀጥ ይላል። በመጨረሻ አንዱ ደጅ ላይ ሲቆም፣ ከአፉ ቃል ሳይወጣ ለቅሶው ይጀመራል።

እኔ፣ ሙሴ፣ ካፖርት ለብሰው ከኋላው ከሚከተሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጦር ሜዳ የነበርኩት ወጥ ቤት ነው። እግሬን የሰበረው የዘይት በርሜል እንጂ ቦንብ አይደለም፤ የማኅበራችን ሰዎችም "ሙሴ ከሽንኩርት ጋር ሲዋጋ የቆሰለ ጀግና" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ሳይበላ የተዋጋ ሠራዊት ካለ ያሳዩኝ።

ማኅበሩ ረጅም ስም ነበረው፤ የዘማቾችና የጦር ጉዳተኞች መረዳጃ ምናምን ይባላል። ሰው የሚጠራው ግን "የዘማቾች ቤት" እያለ ነው። ቤቱ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር የተሠራ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነበር። ሜዳው መሐል ከተማ የተዘረጋ ሣር ስለሆነ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ሁሉ የከብት ነው። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ፊሽካ ነፍተን፣ ዱላ ይዘን ላምና ፍየል የምናባርረው እኛ ነን። አንድ እግር የሌለው በክራንቹ፣ አንድ ዓይን የሌለው ተሰማ በዱላው፣ እኔ በአንካሳ እግሬ፣ ተሰልፈን ፍየል ስናባርር ያየ እንግዳ ይህ ሠራዊት የትኛውን ጦርነት እንዳሸነፈ ሳያስብ አልቀረም።

ሌላም ሥራ ነበረን። ልጇ የዘመተባት እናት በቆሎዋ ሲደርስ እንሸለቅቅላታለን። ጣሪያዋ ያፈሰሰባት የሟች ሚስት ዘንድ ሣርና ልጥ ተሸክመን እንሄዳለን። ከመንደር የታመመ ሰው በቃሬዛ እናወርዳለን። ከመሐላችን አንዱ ሲሞት መቃብሩን ቆፍረን፣ ተሰልፈን፣ ሰላምታ ሰጥተን እንቀብረዋለን። ይህን ሁሉ በሥርዓት የሚያስኬደው ሊቀመንበራችን ሃምሳ አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ ነበር። አያቶቹ ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። "ሥርዓት" የምትለዋን ቃል በቀን ሳይጠራት አይውልም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የምንቀመጠው እንኳ በማዕረግ ነበር። እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ፣ በሩ ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት።

መርዶው የመጣብን በኋላ ነው። ልጆቻችን ለብሔራዊ ውትድርና በመኪና እየተጫኑ ወደ ሰሜን መሄድ ከጀመሩ ወዲህ። የሞቱት ብዙ ጊዜ አስከሬናቸው አይመጣም፣ ወሬያቸውም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ የሚያመጣው ደግሞ አጠገባቸው የቆሰለ ጓደኛ ነው። ስለዚህ ሃምሳ አለቃ ሥርዓት አወጣ። አንድ ሰው "እገሌ ሞቷል" ቢል ወሬውን ሃምሳ አለቃ ብቻ ይሰማና ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል። ሁለተኛ ምስክር ሲገኝ ሦስት ሰው ሆነን በጠዋት እንሄዳለን። በጠዋት የሚኬደው ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤትም ወደየሥራው ሳይበተን እንዲገኝ ነው። ብቻውን መርዶ የሰማ ሰው ራሱን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ቃሉን መጀመሪያ ይናገር የነበረው ሃምሳ አለቃ ራሱ ነበር። አልሆነለትም። እናትየዋ ሳትጀምር እሱ ይጀምራል፤ አንድ ቀን አንዷ እናት የራሷን ኀዘን ትታ እሱን ስታባብል ዋለች። ተሰማ ሞከረ፣ ተንተባተበ። እኔ ሞከርኩ፤ ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ጀመርኩና ተገፍትሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከዚያ ለዳርጌ ተሰጠው።

ዳርጌ ከጂንካ ጥቂት ከፍ ብሎ ካለ የአሪ መንደር ነው፤ እንሰትና ቡና የሚያለማ ገበሬ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ሄደና ከጅጅጋ ወዲያ ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈነዳ። ግራ እጁ አልተቆረጠም። አለ፣ ይጨብጣል፣ ይሸከማል፤ ግን ምንም አይሰማውም። እሳት ሲነካው እንኳ የሚያውቀው በቃጠሎው ሽታ ነው። አርሶ የሚገባ፣ ጎጆ የሚሠራ እጅ ነው፤ ሰው ሲጨብጠው ግን ዳርጌ የሚያየው እንጂ የሚሰማው ነገር የለም። ሚስቱ እሱ ዘምቶ ሳለ ሞታ ነበር። ተመልሶ ሲነገረው "እሺ" ብሎ ቁጭ እንዳለ የመንደሩ ሰው ያወራል።

በር ላይ ይቆምና ቆቡን ያወልቃል። "ልጅሽ አርፏል። ብቻሽን አይደለሽም፣ እኛ አለን" ይላል። ከዚያ አይጨምርም። ድምፁ አይርገበገብም፣ ዓይኑም አይሸሽም። ለቅሶው ሲፈነዳ እዚያው እንደቆመ ነው፤ ጎረቤት እስኪሞላ ይጠብቅና ይሄዳል። ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። መርዶ ላመጣ ሰው ወንበር ማን ያስባል?

አንድ ቀን ከቀብር ስንመለስ "አይከብድህም?" አልኩት።

"ምኑ?"

"መርዶው።"

እጁን አሳየኝ። መዳፉ ላይ ያለፈው ሳምንት ቃጠሎ ነበረ። "ይሄ ሲቃጠል ሽታው ነው የሚነግረኝ" አለ። "ያም እንደሱ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ይሸተኛል። ከዚያ ያልፋል።"

እንዲህ ሲል ፊቱ ስለ በቆሎ የሚያወራ ሰው ፊት ነበር። እኔን ግን አንገበገበኝ፣ አልዋሽም።

ካፖርቱ ሌላ ጣጣ ነው። ማኅበሩን እንርዳ ያሉ ሰዎች ከአርባ ምንጭ አንድ ጥቅል የወታደር ካፖርት ላኩልን። ለብርድ አገር የተሰፋ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። ጂንካ ውስጥ ቀን ላይ ለብሶት የወጣ ሰው በላብ ይሞታል። ስለዚህ የሚለበሰው በጠዋት ብርድ ብቻ ሆነ፤ በጠዋት የምንሄደው ደግሞ ለመርዶ ብቻ ነው። ሰዉ ካፖርቱን በዚያ ለመደው።

ከዘማቾች ቤት አጠገብ የአየለች ሻይ ቤት ነበረ። አየለች ባሏ የሞተባት የአሪ ሴት ናት፤ ሻይ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ጎደሬ ትሸጣለች። ምላሷ ስለታም ነው፣ እጇ ግን ደግ። አንድ ልጅ ነበራት፣ ጥላሁን የሚባል፤ ውትድርና ሄዶ አሥመራ በኩል ነበር። በዚያ ዘመን እሷ የምትሄድበት የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አማኞቹ ማታ ማታ ጓዳዋ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። እኛ ሰምተን እንዳልሰማን እንሆናለን፤ ሃምሳ አለቃ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሥርዓቱ እያለ፣ በዚያ ሰዓት ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግላቸው ነበር።

ዳርጌ ሻይ ሲጠጣ አየለች ብርጭቆውን ሁልጊዜ በቀኙ ነው የምታስቀምጥለት። አንዴ ግራ እጁን የፈላ ማንቆርቆሪያ ላይ አሳርፎ ጨዋታ ሲያዳምጥ አይታ መንጭቃ አነሣችለት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እያስተናገደች እንኳ ዓይኗ ያን እጅ ይጠብቃል። እሱ "የጥላሁን እናት" ብሎ ይጠራታል፤ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እሷም ሲጠራት ደስ ይላታል፣ የልጇን ስም በቀን ደጋግማ ትሰማለቻ።

ይህን ሁላችንም አየን። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሃምሳ አለቃ ግን ነገር በሥርዓቱ ካልሄደ እንቅልፍ አይወስደውም።

"ዳርጌ፣ ይህችን ሴት ለምን አታገባትም?" አለው አንድ ቀን፣ በስብሰባ መሐል።

"ማን ይሰጠኛል?"

"እኔ ሽማግሌ ሆኜ እጠይቅልሃለሁ። አባትም ወንድምም ስለሌላት ራሷ ዘንድ እንሄዳለን። አንተ ቤትህ ትቆያለህ።"

ዳርጌ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከእሱ እሺታ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝና "ሃምሳ አለቃ፣ ከሰዓት በኋላ ብንሄድስ?" አልኩ።

"ሽማግሌ በጠዋት ነው የሚሄደው። ከሰዓት የሚሄደው ባልና ሚስት ሊያፋታ ነው?"

"ካፖርቱንስ ብንተወው?"

"በሸሚዝ ሽምግልና ይኬዳል? ደግሞ ብርድ ነው።"

ብርድስ ብርድ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሃምሳ አለቃ ሞኝ አልነበረም፣ የያዘውን ግን አይለቅም። በ፲፱፻፹፩ ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ እሱ፣ ተሰማና እኔ ካፖርታችንን ለብሰን፣ ጎህ ሲቀድ አየለች ደጅ ላይ ቆምን። ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል አይቀመጥም፤ ስለዚህ ተሰልፈን፣ ቆባችንን አውልቀን ቆምን። ያየን ሰው ምን እንደሚያስብ አሁን ሳስበው እንኳ ያመኛል።

አየለች እሳት ልታያይዝ ጭራሮ ይዛ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው ካፖርቱን ነው። ከዚያ ከኋላችን ሰው ፈለገች።

"ዳርጌስ?" አለች።

"ዛሬ እሱ አልመጣም" አለ ሃምሳ አለቃ፣ በዚያ የሽምግልና ድምፁ።

ጭራሮው ከእጇ ወደቀ። "እሱም እንኳ ልቡ እምቢ አለው!" አለችና ጮኸች።

ጩኸቱን ሜዳው ማዶ ሰሙት። ጥላሁንዬ እያለች መሬት ላይ ወደቀች፣ ፊቷን በጥፍሯ ነጨችው። ጎረቤት ነጠላውን እየጎተተ መጣ፤ ለቅሶውን ከየቤቱ ተቀባበሉት። ሃምሳ አለቃ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እንግዲህ ይህ ሰው የእናት ለቅሶ አይችልም፣ እሱም አለቀሰ። ሊቀመንበሩ ሲያለቅስ ያየ ሁሉ የቀረችው ጥርጣሬ ጠፋችለት። አንዱ ለለቀስተኛ መቀመጫ ሊያመጣ ሮጠ። እኔ "ቆዩ፣ ቆዩ" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? እያጽናናሁ መስሏቸው "አይዞህ ሙሴ" ይሉኛል።

በመጨረሻ ተሰማ አንድ ዓይኑን አፍጥጦ "ልጅሽ አልሞተም! ባል ይዘንልሽ ነው የመጣነው!" አለ።

አየለች ከመሬት ተነሣች። ከፊቷ ደም ይወርዳል። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ ወደ ውስጥ ገባች፤ ትናንት ብርጭቆ ያጠበችበትን የዕቃ እጣቢ በጀሪካን ይዛ ወጣችና ደፋችብን። አብዛኛው እኔ ላይ ነው ያረፈው። ያ ካፖርት ከዚያ ወዲህ የሻይ ቅጠል ሽታው አልለቀቀውም።

ዳርጌ ለቅሶውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ፣ በሸሚዙ ብቻ። ነገሩን ነገርነው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጣ በወደድኩ። "ለምን በጠዋት?" አለ ብቻ፣ ዝግ ብሎ፣ ዞሮም ሄደ።

ከተማው ብዙ ሳቀብን። ዲመካ ገበያ ድረስ ወሬው ደርሶ ሐመሮቹ ሳይቀሩ የሚጠይቁን ነበሩ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ያ የተነጨ ፊት እስኪድን ድረስ በሜዳው ዙሪያ እየዞርኩ ነበር የማልፈው። በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው የሚሉ ነበሩ። አየለችም ሳትሰማው አልቀረችም። ከጥላሁን ሰላምታ ያመጣ ወታደር እስኪመጣ ድረስ ሻይ ቤቷ ለዘማች ዝግ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዳርጌ ተከፈተ። እኔም ከኋላው ሾልኬ ገባሁ። ብርጭቆውን በቀኙ አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ስማኝ ዳርጌ። አንተ ላይ ክፋት የለም። ልትጠይቀኝ ከሆነ ግን በቀትር ና። ብቻህን ና። ያንን ካፖርት አውልቀህ ና። በጠዋት ደጄ ላይ የቆምክ ቀን ልጄ የለም ማለት ነው።"

"እሺ የጥላሁን እናት።"

"ማልልኝ።"

"በጠዋት አልመጣም፣ እሱ ካለ" አለ። ከዚያ ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት ብሎ "መቼ በቀትር ልምጣ?" አለ።

እኔ ትን አለኝ። አየለች ደነገጠች፤ የተነጨው ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። "ጥላሁን ፈቃድ ወጥቶ ይምጣና። እናቱ ስታገባ ሳያውቅ ቀርቶ ከሰው አፍ ይስማ?" አለች።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲመጣ ዳርጌ ፍየሎቹን አባርሮ አይመለስም ነበር። ሜዳው ዳር ቆሞ የሚወርዱትን ሰዎች ያያል። ነጋዴ ይወርዳል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ይወርዳል፣ ነጭ ይወርዳል። ጥላሁን አይወርድም። ዳርጌ ሄዶ "ዛሬም የለም" ይላታል፤ እሷ ብርጭቆውን በቀኙ ታስቀምጣለች። እንዲህ እያሉ ዓመት አለፈ። ይህ ጥበቃ ለሌላ ሰው ያሰለቻል። ለእነሱ ግን ኑሮ ሆኖላቸው ነበር መሰለኝ።

በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አየለች መጠበቅ በቃኝ አለች። "ቅዳሜ በቀትር ና" አለችው። "ገበያ ነው። ሰው ሁሉ ይይ። ጥላሁን ሲመጣ ቤት ውስጥ አባት ያገኛል።"

ዳርጌ ይህን ሲነግረን ፊቱ እንደወትሮው ነበር። ግን አዲስ ሸሚዝ አሰፍቶ ነበር፣ ሰማያዊ። ተሰማ "ሙሽራው!" ሲለው ሸሚዙን ደብቆ ያዘ። እኔ በጣም ደስ አለኝ። ሃምሳ አለቃ ግን ደስ አላለውም፤ ወደ መሬት አየ። ያኔ ያለ ሥርዓት መደረጉ ከፍቶት መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት በጭነት መኪና አንድ የቆሰለ ወታደር መጣ፣ ኤርሳዶ የሚባል። ወደ ሃና ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ የሚሄድ ነበርና መኪና እስኪያገኝ እኛ ዘንድ አረፈ፤ መንገደኛ ወታደር ማሳረፍም ሥራችን ነበር። ዳርጌ ጎደሬ አቀረበለት። ልጁ እየበላ ሳለ በመስኮቱ ሻይ ቤቱን አየና "የጥላሁን እናት ቤት ይሄ ነው?" አለ። "ምጽዋ ላይ አጠገቤ ነው የወደቀው። እኔ ነኝ ዓይኑን የከደንኩት። ሰምታችኋል አይደል?"

ሃምሳ አለቃ ግንባሩን በእጁ ያዘ። "ሁለተኛው ነው" አለ። የመጀመሪያውን ምስክር ከፋሲካ በፊት ሰምቶት፣ በራሱ ሥርዓት ታስሮ ሆዱ ውስጥ ይዞት ከርሟል። ለእሱም ያን ጊዜ አዘንኩለት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኛ በጥር ያላመጣነውን መርዶ በግንቦት ይዘነው ተቀመጥን።

ዳርጌ የኤርሳዶን ሳህን አነሣ፣ አጠበ፣ ቦታው መለሰ።

ልጁ ከተኛ በኋላ ተሰበሰብን። ሃምሳ አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርዓቱን ራሱ አፈረሰው። "ዳርጌ፣ ስማኝ" አለ። "ቅዳሜ በቀትር ሂድ። አግባት። መርዶ ማቆየት ነውር አይደለም፤ አባቶቻችንም ሰብል እስኪገባ፣ በዓል እስኪያልፍ ያቆዩ ነበር። ቤት ይኑራት፣ ከጎኗ ሰው ይኑር፣ ከዚያ ይነገራታል።"

ተሰማ "እውነት ነው" አለ። እኔም እውነት ነው አልኩ፤ አሁንም ቢሆን ከክፋት የተነሣ ነገር አልነበረም። ለእሷም ለእሱም አስበን ነው። ነገ በጠዋት ከሄደ ሰማያዊው ሸሚዝ ምን ሊሆን ነው? መርዶ ያመጣባትን ሰው የትኛዋ ሴት ታገባለች?

ዳርጌ ሁላችንንም ሰማን። "በቀትር ከሄድኩ" አለ፣ "ልጅሽ አለ ማለቴ ነው። እንደዚያ ነው የተባባልነው።"

"አንድ ቀን ታውቀዋለች፣ ይቅርም ትልሃለች" አለው ሃምሳ አለቃ።

"እስከዚያ የጥላሁን እናት ብዬ እየጠራኋት ነው የምኖረው?"

ስብሰባው ተበተነ፤ አልተወሰነም፣ አልተዘጋም። በሃምሳ አለቃ ዘመን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ዓርብ ዕለት ዳርጌ አልታየም። አመሻሽ ላይ ቤቴ መጣ፤ ደጅ ቆመ፣ እኔ ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም።

"ነገ ትመጣለህ?" አለኝ።

"በቀትር?"

"በጠዋት።"

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። ጠዋት ካፖርታችንን ለብሰን በጭቃው ስንወርድ የሚጠርጉት ሴቶች እንደ ልማዳቸው ቀጥ አሉ። ለመርዶ ሦስት ሰው ነው ሥርዓቱ፤ እኛ ሁለት ነበርን። የሜዳው ጥግ ላይ ስንደርስ ሃምሳ አለቃ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሞ አገኘነው። ከኋላ ተሰለፈ። ያን ዕለት እንደ ወንድሜ ወደድኩት።

የአየለች በር ክፍት ነበር። እሳቱ ተያይዟል፣ ማንቆርቆሪያው ተጥዷል። ለቀትር እንግዳ ብላ ቤቱን አዛባ ለቅልቃዋለች፤ ገና እርጥብ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ትወለውል ነበር።

ዳርጌ ቆቡን አወለቀ። ከዚህ በኋላ የሚለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ ደጅ ላይ ሰምተነዋል። "ልጅሽ አርፏል" ነው የሚለው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። እንደገና ከፈተ።

"አየለች" አለ።

ድምፁ እንደወትሮው ነው፣ አልተርገበገበም። ግን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እሷም አልዞረችም። የያዘችውን ብርጭቆ ወልውላ ጨረሰች፣ ደፍታ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ሌላውን አንሥታ ወለወለች። እኔ ጩኸቱን እየጠበቅሁ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። አልመጣም። ያን እንባ በጥር ጨርሳው ይሁን አላውቅም። በመጨረሻ ዞረችና ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ሁለት ሰው ነው ያየው?" አለች።

"ሁለት ሰው።"

"እሺ" አለች። ሚስቱ መሞቷ ሲነገረው ዳርጌ ብሎታል የሚሉት ቃል ይኸው ነው። ከዚያ እሳቱ አጠገብ ያለችውን በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችለት። "ተቀመጥ።"

ዳርጌ አልገባውም። በዚያ ሁሉ ዓመት በጠዋት ደጅ ላይ ተቀመጥ ተብሎ አያውቅም። ወደ እኛ ዞሮ አየ፤ ሃምሳ አለቃ በራሱ ምልክት ሰጠው። ገባና ተቀመጠ፣ ካፖርቱ መሬት እየተጎተተ። አየለች አጠገቡ መሬት ላይ፣ እርጥቡ ልቅላቂ ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱም እሳቱን ያያሉ። ግራ እጁ ተንሸራቶ ወደ ፍሙ ቀርቦ ነበር፤ እሱ አላወቀም። እሷ ዓይኗን ከእሳቱ ሳታነሣ እጁን አነሣችና ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። እንባዋ ያን ጊዜ ነው የወረደው፤ ያለ ድምፅ፣ እጁ ላይ። ሃምሳ አለቃም ያው ጀመረ፤ ጎረቤት የጠራው የእሱ ለቅሶ ነው።

ብዙ ለቀስተኛ መጣ። ድንኳን ጣልን፣ ውሃ ቀዳን፣ እንጨት ፈለጥን። እኔ ወጥ ሠራሁ፣ የምችለው እሱን ነው። ያ ሰማያዊ ሸሚዝ ዳርጌ ከካፖርቱ ሥር ለብሶት እንደነበር ያየሁት፣ ቀን ላይ ሙቀቱ በርትቶበት ካፖርቱን ሲያወልቅ ነው።

ሐዘኑ ከተነሣ በኋላ ሜዳው ዳር አብረን ተቀመጥን። ፍየሎቹ ይግጣሉ።

"ከሙት ዓመቱ በኋላ በቀትር ና ብላኛለች" አለ፣ የበቆሎ ዋጋ እንደሚናገር ሰው።

"እጅህን ይዛው ነበር፣ ያን ጠዋት" አልኩት።

"የትኛውን?"

"ግራውን።"

እጁን አነሣና አየው፣ ገልብጦም አየው። ጨበጠው፣ ዘረጋው።

"ብዙ ቆየች?" አለኝ።

"ጎረቤት እስኪሞላ።"

ከማዶ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማና ፊሽካውን አንሥተን ፍየሎቹን ልናባርር ሄድን።